ለአማቴ ባቡር ክንድ ፍለጋ

ፍኖተ ሰላም ገበያ ባትሪ ልትገዙ ብትሄዱ ሻጩ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ኦርጅናሉን ነው ወይስ የቻይናውን?» ብሎ ነው። ኦርጅናሉን ካላችሁት ከመደርደሪያው አንዱን ያነሣል፣ በጋቢው ጫፍ አቧራውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «ይኸውላችሁ፤ ኦርጅናል ቻይና» ይላችኋል። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሰውየው ከብዙ ፈላስፋ የተሻለ አስቧል።

ሰው ሁሉ አሮጌና ኦርጅናል የሚባል ነገር ሲያይ ለምን እንደሚንበረከክ ገብቶኝ አያውቅም። አሮጌ ነገር ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበር፤ አዲስ ሳለ ማንም አልሳመውም። ይህን አቋሜን በሻይ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ በመሥሪያ ቤታችን ግምገማ ላይ ሳይቀር አስረድቻለሁ። ይህ ሁሉ በሆነበት ዘመን ስብሰባ እንደ ልብ ነበር፤ ጤፍ ሲወደድ እንኳ ስብሰባ ተወዶ አያውቅም። አጀንዳው ማዳበሪያም ይሁን የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እኔ እጄን አነሣለሁ። ሰብሳቢው ያየኝና «እሽ፣ የተለመደው ተቃውሞ» ብሎ ዕድል ይሰጠኛል። ያነሣሁት እጅ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ያንቀሳቀሰው ነገር ግን እስካሁን አልተገኘም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ አቋም ያለው ሰው፣ ስንዝር ለማትሞላ የአሻንጉሊት ባቡር ዕቃ ብሎ ከኦርጅናልና ከቅጂ መካከል ለመምረጥ ሁለት ወር ተኩል እንቅልፍ ማጣቱን ስነግራችሁ አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱብኝ፤ ቡሬ ላይ ቀድመው ፈርደውብኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአማቴ ነው። አባባ ጥሩነህ የቋሪት ሰው ናቸው። ገበዝ ማርያም አካባቢ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ከአጎታቸው ጋር በድንች ማሳ ተጣሉና ከአገር ወጡ። ሄደው ሄደው ድሬዳዋ ላይ ሐዲድ አቆማቸው። ሠላሳ ዓመት የባቡር ምልክት ሰጪ ሆነው ሠሩ። ሥራው እንዲህ ነው። ከሐዲዱ ዳር ረጅም ዘንግ ይቆማል፤ በጫፉ ላይ ቀይ ክንድ አለ። ክንዱ አግድም ከተዘረጋ ባቡሩ ይቆማል። ክንዱ ወደ ታች ከወደቀ ባቡሩ ያልፋል። ሌላ የለም። አማቴ ዓለምን የሚያዩዋት በዚሁ ነው፤ ወይ ቁም ነው፣ ወይ እለፍ ነው። ልጃቸውን የሺን ለማግባት ሽማግሌ ስልክባቸው ሦስት ጊዜ ቁም ብለውኛል።

አንድ ታኅሣሥ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱ ምእመናንን አጭቆ የሚመጣ ባቡር ነበር። አማቴ ክንዱን ለእለፍ ጥለው፣ በወንበራቸው ላይ ትንሽ ሸለብ አደረጋቸው። መስመሩ ላይ ግን ጭነት የያዘ ሌላ ባቡር ቆሞ ነበር። ሲባንኑ ክንዱ በራሱ ተነሥቶ አግድም ተዘርግቷል፤ የምእመናኑም ባቡር ከዘንጉ ሥር ቀጥ ብሏል። አለቃቸው ፈረንጅ መጥቶ ዘንጉን መረመረና «ሽቦው ተበጥሶ ነው» አለ። አማቴም «ሽቦውን ማን በጠሰው?» ብለው ጠየቁት። ለዚህ የሚሆን መልስ በደንቡ መጽሐፍ አልነበረም።

በዚያ ቀን ተሳሉ። በሕይወት እስካሉ በየዓመቱ በታኅሣሥ ገብርኤል አንድ ባቡር በገዛ እጃቸው በደኅና ሊያሳልፉ። ስለቱ ድሬዳዋ ላይ ቀላል ነበር። ችግሩ የመጣው ጡረታ ወጥተው ቡሬ ሊገቡ ሲሉ ነው። ከቡሬ ተነሥታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ በርበሬና በቆሎ እንጅ ሐዲድ አታገኙም። ይህን የሰማ ያው ፈረንጅ ነው በስንብታቸው ዕለት አንድ ሣጥን ያሸከማቸው። ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ ጥቁር ሞተር፣ ሦስት ፉርጎ፣ ሲገጣጠም ክብ የሚሆን ሐዲድ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጣቢያና ቀይ ክንድ ያላት የምልክት ዘንግ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ቡሬ ውስጥ የአባባ ጥሩነህ ገብርኤል የታወቀ ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ አማቴ ሐዲዱን ይገጥማሉ፣ ዘንጓን ያቆማሉ፣ ክሯን ሳብ አድርገው ክንዷን ይጥላሉ፣ ባቡሩም ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሦስቱ ዙር ሳያልቅ ጠላ አይቀዳም። በዚህ ቤት ባቡር አይቶ ያደገ አንድ የቡሬ ልጅ ለሥራ ድሬዳዋ ሄዶ እውነተኛውን ባቡር ሲያይ፣ «የአባባ ጥሩነህን አይተው ነው የሠሩት፤ መጠኑን ግን አላወቁበትም» ብሎ ጽፏል። ይህን ደብዳቤ እኔ ለክርክር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ነገሩ በሆነበት ዓመት የአማቴ ጣራ ክረምቱን አልቻለም። ጥቅምት ላይ ቆርቆሮው ሊቀየር ሲሆን፣ ሣጥኑን አቧራ እንዳይነካው ብለው ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት ላኩት። ሲያስረክቡኝ «ሳትከፍተው አስቀምጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ክፈተው ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አልከፍተውም ነበር።

እሑድ ጠዋት የሺ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ የማልሄድበት ምክንያት ራሱን የቻለ ክርክር ነውና ልተወው። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ሳብሁት። ለጥናት ነው። አንድ ሰው የሚንቀውን ነገር በቅርብ ማወቅ አለበት። ሐዲዱን ገጠምሁ፤ ያለ ሐዲድ ባቡሩን መገምገም አይቻልምና። ሞተሩን ሞላሁ፤ ቆሞ የሚገመገም ባቡር የለምና። ከአንድ ሰዓት በኋላ በደረቴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ከወለሉ አስጠግቼ፣ «ቱ... ቱ... ቹፍ ቹፍ» እያልሁ ነበር። ተሳፋሪ ሆንሁ፣ ትኬት ቆራጭ ሆንሁ፣ የጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ትኬት ቆራጩን ገመገምሁት። ምልክት ሰጪም ሆንሁ። ክሯን ሳብ ሳደርጋት ቀይዋ ክንድ ጠብ ትላለች፤ ባቡሩም ሽው ብሎ ያልፋል። በመሥሪያ ቤቴ በአሥራ ስምንት ዓመት ያላገኘሁትን ሥልጣን በአንዲት ክር አገኘሁት።

«አንተዬ! በሩን ክፈትልኝ እንጅ!» አለች የሺ ከደጅ።

ዘልዬ ተነሣሁ። ተረከዜ ሲያርፍ አንድ ድምፅ ተሰማ። «ቀጭ»።

ዘንጓ ሦስት ቦታ ተሰብራ ነበር። ክንዷ ተጣጥፋ የደረቀ ቃሪያ መስላለች። ስብራቱን ለወጌሻ ቢያሳዩት ወጌሻው ራሱ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ሁሉንም እንደ ምንም ሣጥኑ ውስጥ አጭቄ፣ ከአልጋ ሥር ወርውሬ፣ በሩን ከፈትሁ። የሺ ጉልበቴን አየች፤ ከላይ እስከ ታች አቧራ ነው።

«ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሳነብ።»

«በሆድህ?» አለችና አለፈች።

እውነቱን የመናገር አማራጭ ነበር። ግን ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ስለሆነ ተቃወምሁት። ደግሞም የተሰበረው መጫወቻ ቢሆን በተናገርሁ። የተሰበረው ስለት ነው። ሽማግሌው ለገብርኤል የገቡትን ቃል እኔ በተረከዜ ረግጬዋለሁ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ምናልባት የሚቀራቸው ጥቂት ገብርኤል ይሆናል። ክንድ ከሌለ ምልክት የለም፤ ምልክት ከሌለ አማቴ ባቡር አያንቀሳቅሱም። ብትገድሏቸው አያንቀሳቅሱም።

በሳምንቱ በመሥሪያ ቤቴ ስልክ ደወሉ።

«ደኅና ነህ፣ ልጄ?»

«ደኅና፣ አባባ፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን። ሞተሩ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ፉርጎዎቹ?»

«ደኅና ናቸው፣ አባባ።»

«ክንዷስ?»

«እ... ይመስገን» አልሁ።

በነጋታው አሰጌ ዘንድ ሄድሁ። አሰጌ በከተማችን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ገጠር ለገጠር እየዞረ ዋንጫ፣ በርጩማና የዛገ ጦር ይሰበስባል፤ ባሕር ዳር ወስዶ ለቱሪስት ይሸጣል። የሚሸጠው ሁሉ ዕድሜው እኩል ነው፤ ሦስት መቶ ዓመት። ያለፈው ዓመት ጥድ ሆኖ የቆመ በርጩማ ዘንድሮ ሦስት መቶ ዓመት ሲሞላው በዓይኔ አይቻለሁ። ኩሽና ውስጥ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል፤ ቅቤ ይቀባዋል፤ ከከብቶች እግር ሥር ያሳድረዋል። በዕቃ ላይ ዕድሜ የመጨመር ጸጋ አለው፤ ለሰው አልሞከረውም።

«የባቡር ምልክት? ትንሽ?» አለኝ።

«ትንሽ። ኦርጅናል። አሮጌ።»

«ምን ያህል ይርጅልህ?» አለኝ፣ የሻይ ስኳር እንደሚጠይቅ ሰው።

«አሰጌ፣ አንተ እንድታስረጀው አይደለም! ራሱ ያረጀ ነው የምፈልገው!»

«እሱ እንኳ ይቆያል» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

በመጀመሪያ ያመጣልኝ ጫፉ ቀይ የተቀባ እንዝርት ነው። «የባቡር ነው» አለኝ። ሁለተኛ የቡና ሚዛን ግማሽ አመጣ፤ እሱም የባቡር ነው። ኅዳር አጋመሰ። ልቤ ሲሸበር ጊዜ ወደ ሁለተኛው መንገድ ዞርሁ፤ ቅጂ ወደማሠራት። የተሰበረውን በመሐረብ ቋጥሬ ቡሬ ወረድሁ።

ቡሬ ውስጥ ከገበያው ጀርባ አያ ደምለው የሚባል ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለ። የአካባቢው ኩራዝና ጣሳ ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሳይቀር ሠርቷል። ስደርስ ከአንድ ቤት ጣራ የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ ከምሮ እየመረጠ ነበር። የማን ቤት ጣራ እንደሆነ ለመጠየቅ አላሰብሁም። ብዙ ያነበበ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አያ ደምለው መሐረቡን ፈታና ስብርባሪውን አየ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«መጫወቻ ነው። የአንድ ጓደኛዬ ልጅ...»

«መጫወቻነቱን አየሁት። ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። ይቆማል።»

«የሚቆም ብቻ አልሠራም» አለኝ ቀና ብሎ። «ኩራዝ ያበራል። ጣሳ ይቀዳል። ጉልላት እንኳ ዝናብ ይመልሳል። ምን እንደሚሠራ ካላወቅሁ መቀሴ አይቆርጥልኝም።»

«ክንዱ ይወድቃል፣ ይነሣል። በቃ።»

«በምን?»

«በክር።»

«ክሩ ቢበጠስስ? ይወድቃል ወይስ ይነሣል?»

 የአማቴን የገብርኤል ታሪክ ለአሥራ ምናምን ዓመት በየበዓሉ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ግን የምሰማው የምቃወምበትን ቦታ እየፈለግሁ ስለነበር መልሱ አጠገቤ እያለ አልመጣልኝም።

«አታውቀውም» አለ አያ ደምለው። «ግድ የለም፤ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እሠራዋለሁ።»

«ስለ ባቡር የሚያውቅ ሰው ከየት ታመጣለህ?»

«ቡሬ እኮ ነው፣ ወንድሜ። ሰው አይጠፋም።»

ልብ ማለት የነበረብኝ እዚህም ላይ ነበር። አላልሁም። በሚኒባሱ መስኮት የማንኩሳን በቆሎ እያየሁ በደስታ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱልኝ። ጠዋት ከቡሬ የአያ ደምለውን ቅጂ ይዤ ስመለስ አሰጌ ከቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አዴት ላይ ስለ እህል ዘር ሊመራመር መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ፣ ሲሄድ የልጁን መጫወቻ ለዘበኛው ትቶለት ኖሯል። ዘበኛው ሞተሩን ለልጆቹ ሰጥቶ ዘንጉን የበር መቀርቀሪያ አድርጎታል። አሰጌ ጋቢውን ሲገልጠው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቁመቱ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ከሥሩ የተቀረጸው የሠሪው ማኅተም ሳይቀር ያው ነው። ኦርጅናል! ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ለየሺም አልነገርኋት።

ክሩን ሳብሁት። ክንዱ አልነቃነቅ አለ። አግድም እንደተዘረጋ ዝጎ ቀርቷል።

«አሰጌ፣ ይኸ አይሠራም እኮ!»

«የሚሠራ ከሆነማ ማን ኦርጅናል ይለዋል?» አለኝ በትዕግሥት።

የአያ ደምለው ቅጂ ግን ይሠራል። እንዴት ይሠራል! ክሩን ስትስቡት ክንዱ እንደ መነኩሴ አንገት ዝቅ ይላል፤ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይነሣል። አያ ደምለው ሲያስረክበኝ ክሩን በጥርሱ በጥሶ አሳይቶኛል፤ ክንዱ ወዲያው ተነሥቶ አግድም ሆነ። «ክሩ ሲበጠስ ይነሣል፤ ደንቡ እንዲህ ነው» ብሎ አዲስ ክር አሠረለት። ጉድለቱ ሌላ ነው። ከኦርጅናሉ ሦስት ጣት ይረዝማል። ቀይ ቀለሙ የቡሬ በር የሚቀባበት ቀለም ነው። ክንዱ የተቆረጠው ደግሞ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ስለሆነ፣ በጀርባው በኩል «ለሽያጭ የማይውል» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ግማሹ ይነበባል።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ስንት ቀን እንዳየኋቸው እኔና ጠረጴዛው ነን የምናውቀው። አቋሜ ግልጽ ነው፤ ቅጂውን ያዝ ይለኛል። የሚሠራው ከማይሠራው ይበልጣል። ይህን በአደባባይ ለሃያ ዓመት ተከራክሬበታለሁ። ሆኖም ሠላሳ ዓመት ክንድ ሲነካ የኖረ ጣት በገብርኤል ዕለት ያንን የበር ቀለም ሲዳስስ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። አቋም ከሰው ፊት ሲቆም ጥሩ ነው፤ ከአማት ፊት ሲቆም ግን ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

ምክር ፈልጌ ነገሩን ለየሺ በምሳሌ አቀረብሁላት።

«ለመሆኑ፣ የሺ፣ ስለት በቅጂ ይደርሳል?»

«የምን ቅጂ?»

«ለምሳሌ ነው። በየደብሩ ያለው ታቦት ሙሴ የተቀበለው ጽላት ምሳሌ ነው አይደል? ታዲያ ኦርጅናሉ የቱ ነው ብሎ ሳይሳለም የሚመለስ ሰው አለ?»

የሺ የያዘችውን ሽሮ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሂድ፣ አፍህን በውሃ ተጉመጥመጥ» አለች። «ደግሞ ለአባባ ልትነግራቸው የፈለግኸው ነገር ካለ በታቦት አትዙር፤ በቀጥታ ንገራቸው።»

ይህ ብዙ ሰው የሚመክረው ነው ብያችኋለሁ፤ ተውሁት። በበዓሉ ዋዜማ ለኦርጅናሉ ለጋ ቅቤ ቀባሁለት፣ የስፌት መኪና ዘይት አጠጣሁት። ከብዙ ልመና በኋላ ክንዱ አንድ ጊዜ ጠብ አለ። ወዲያው ተመልሶ ቀጥ አለ። አንድ ጊዜ ከወደቀ ነገም ይወድቃል ብዬ፣ የሃያ ዓመት አቋሜን ክጄ፣ ኦርጅናሉን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛሁት። ቅጂውን የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ደበቅሁት።

የገብርኤል ዕለት የአማቴ ቤት በአዲሱ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ሰሌን ተነጥፎ እንግዳው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የደብሩ ቄስ መምሬ ፈንታ በአግዳሚው ራስ ላይ ናቸው። የጠላው ጋን ጥግ ላይ ቆሟል፤ የሁሉም ዓይን ግማሹ ከሣጥኑ፣ ግማሹ ከጋኑ ነው። አያ ደምለው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳየው ትንሽ ደነገጥሁ። ጎረቤት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አማቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሣጥኑን ከፈቱ። ሐዲዱን በዳሰሳ ገጠሙ። ሞተሩን አወጡ፣ ፉርጎዎቹን ቀጠሉ፣ ጣቢያዋን አስቀመጡ። ዘንጉን አወጡና በሐዲዱ ዳር አቆሙት። እፎይ ልል አፌን ከፈትሁ። አማቴ እንደገና እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ። ሌላ ዘንግ አወጡ። ሦስት ጣት የሚረዝም፣ የበር ቀለም የተቀባ።

ወደ የሺ ዞርሁ። «ካፖርትህን ሳራግፍ አገኘሁት» አለች በሹክሹክታ። «ሣጥኑ ውስጥ መክተቱን ፈርተህ መስሎኝ እኔ ከተትሁልህ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ቀጭ ሲል እኮ ደጁ ላይ ነበርሁ፣ አንተዬ።»

 አማቴ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው።

«የሺ፣ ስንት ክንድ ነበረን?»

«አንድ፣ አባባ።»

«አሁን ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ወልዳ ይሆናላ» አሉ መምሬ ፈንታ።

አማቴ አልሳቁም። የረዥሙን ክር ሳቡና ሐዲዱ ላይ አሰሩት፤ ክንዱ ዝቅ አለ። የአጭሩን ክር ሳቡ። ኦርጅናሉ አልነቃነቅ አለ። ቅቤዬ፣ ዘይቴ፣ አቋሜ፣ ሁሉም ከንቱ።

«ይኸ እለፍ ይላል። ይኸ ቁም ይላል» አሉ አማቴ። «ባቡሩ ማንን ይስማ?»

ራሳቸው መለሱት።

«ደንቡ ግልጽ ነው። ሁለት ምልክት ከተጣላ፣ ምክንያቱ እስኪጣራ ባቡር አይነቃነቅም።»

እንግዳው ሁሉ ጋኑን አየ፤ ከዚያ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ከልማድ የተነሣ እጄን አወጣሁ።

«ተናገር» አሉ አማቴ።

«አባባ፣ በመሠረቱ ኦርጅናል የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ...»

«አጭር አድርገው፤ ባቡር ቆሟል።»

«ረገጥሁት።»

«መቼ?»

«በጥቅምት፣ አባባ።»

«ምን ስታደርግ?»

በዚያ ዘመን ግለሂስ አድርግ ተብዬ ከስብሰባ ስንት ጊዜ አምልጫለሁ። ከዚህ ግን መውጫ አልነበረም። «ባቡር ስጫወት» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ፈንታ ጥምጣማቸውን ይዘው ነው የሳቁት። አማቴ እጃቸውን አነሡና ሳቁ ቆመ።

«ስንት ጊዜ አዞርኸው?»

«አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል።»

«ያለ ምልክት?»

«ኸረ፣ አባባ! ምልክትስ ሁልጊዜ ሰጥቻለሁ። ክንዷ ሳትወድቅ አንድም ጊዜ አላለፈም።»

 የአማቴ ፊት ለስለስ ሲል አየሁ።

«ይኸኛውን አውቀዋለሁ» አሉ የአያ ደምለውን ቅጂ እየዳሰሱ። «ደምለው ጣራዬን ሊሠራ መጥቶ፣ ክሩ ቢበጠስ ክንዱ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት ይኸን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንተም አልጠየቅኸኝ። ይነሣል አልሁት። ሲበጠስ እንዲነሣ ተደርጎ ነው የተሠራ። ለዚያ ነው ያን ቀን ሰው ያላለቀ።»

አላስቻለኝም። «ታዲያ፣ አባባ፣ ገብርኤል አይደለማ ያነሣው?» አልሁ።

«እንዲህ ተደርጎ እንዲሠራ ለሠሪው ማን አሳሰበው?» አሉኝ። ሃያ ዓመት ስከራከር ይህን የመሰለ አልገጠመኝም። «እኔ ይኸን ቅጂ ስጠብቅ ነበር። ደምለው የሠራውን ብቻ ይዘህ ብትመጣ አይቼ እንዳላየሁ አሳልፈው ነበር። አንተ ግን የማላውቀውን ዛግ አመጣህብኝ።»

«እንግዲያው ኦርጅናሉን እናንሣውና በቅጂው...»

«አይሆንም። የተጣላ ምልክት በዚያው ቀን አይታመንም። ሁለቱም ይነሣሉ።» ሁለቱንም አንሥተው ሣጥኑ ውስጥ አጋደሟቸው። «ምልክት ሲበላሽ ሰው በእጁ ይሰጣል። ደንብ ነው።»

«ማን ይቆማል?» አሉ መምሬ ፈንታ።

«ያበላሸው።»

ካፖርቴን አውልቄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሮቼን ከሐዲዱ ግራና ቀኝ አድርጌ ቆምሁ። «ክንድህን ዘርጋ» አሉኝ። ቀኝ ክንዴን አግድም ዘረጋሁ። አማቴ በርከክ ብለው ሞተሩን መሙላት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው የሚሞሉት፤ ቁልፉን አንድ ዞር ያደርጉና ያርፋሉ። ክንዴ ይዝላል። አንድም ሰው አይስቅም፤ ይህ ደግሞ ከሳቁ የባሰ ነው። እርሻ የሚያውቁ፣ ሚዛን የሚያውቁ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ሁሉ ክንዴን በጥሞና ያያሉ።

መምሬ ፈንታ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ይኸኛውስ ኦርጅናል ነው?» አሉ።

«ይኸ እንኳ አይደለም» አሉ አማቴ ቁልፉን እየነቀሉ። «ለጊዜው ግን የሚሠራው እሱ ነው።»

ከዚያ ጉልበታቸውን ተመርኩዘው ተነሡና አጠገቤ መጡ። አንጓዬን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው የሆነ ነገር አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። ክንዴን ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት።

ባቡሩ ተነቃነቀ። በእግሮቼ መካከል ሽው ብሎ አለፈ፤ ዞሮ መጣ፣ አለፈ፤ ዞሮ መጣ፣ አለፈ። በሦስተኛው እልል ተባለ፣ ጋኑም ተከፈተ። እኔ እጄን ጥዬ ከሐዲዱ ላይ እንደቆምሁ ቀረሁ። በዕድሜዬ ስንት ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ እጄን እንዳነሣሁ ቃለ ጉባኤው ይቁጠረው። አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት ግን እጄ ዝቅ ሲል ነው።